ሰባት ቀዳዳ፣ ሰባት ሳጥን

ግቢ፣ ግቢ እህት አለም፣ በሩ ክፍት ነው። ጫማሽን እዚያው አውልቂ፣ ቀሚሱን ልበሺውና በርጩማው ላይ ውጪልኝ፤ የታችኛውን ጠርዝ በደንብ ሳልለካ ቀሚሱን አልሰጥሽም። እንዴት አምሮብሻል! ወገቡን ብቻ ትንሽ ላጥብበው... ባልሽ እንዴት ሰነበተ? ነገ ሽልማቱን ሲቀበል አጠገቡ የምትቆሚው አንቺ አይደለሽ? የተፈጥሮ ወዳጆች ማኅበር ሊቀመንበር ሚስት መሆን ቀላል ነው እንዴ! እጅሽን ከፍ። እንዳትንቀሳቀሺ ታዲያ፣ ስፒሉን በአፌ ይዤ ነው የማወራው፤ ኋላ ወጋችኝ እንዳትዪ።

ታውቂኛለሽ፣ ስሰፋ ዝም ማለት አይሆንልኝም። እስቲ ስለ አንድ ሰው ላጫውትሽ። አታውቂውም... አንቺ ከየት ታውቂዋለሽ! እንደሱ ያለ ተፈጥሮ ወዳድ በሕይወቴ አላየሁም። ባለፈው የከረሜላ ወረቀት ከእጄ አምልጦኝ ቢወድቅ ገበያ መሃል አስቆመኝና፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ይዘሽ የመጣሽውን ይዘሽ ተመለሺ!" ብሎ መከረኝ። እውነቱን ነው፤ አጎንብሼ አነሳሁ። ለአገር የሚቆረቆር ሰው ስንት አለ?

ይሄ ደግ ሰው ታዲያ አንድ ጨዋታ ይወዳል። ጂኦካሺንግ ይሉታል። ፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ ትንሽ ደብተር ታስገቢና ሜዳ ወይ ጫካ ወስደሽ ትደብቂያለሽ፤ ቦታውን ኢንተርኔት ላይ ትለጥፊያለሽ። ከዚያ የማያውቅሽ ሰው ሁሉ ስልኩን እያየ ይመጣል። ሣሩን ረግጦ፣ ድንጋዩን ገልብጦ፣ ወፏን ከጎጆዋ አባርሮ ሳጥኑን ያገኘዋል። ደብተሩ ላይ ስሙን ይጽፍና መልሶ ይደብቀዋል። በቃ፣ ይኸው ነው። "ታዲያ ይሄ ቆሻሻ መጣል አይደለም ወይ?" ብዬ ጠየቅኩት፣ እኔ ያልተማርኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "ቆሻሻ የሚባለው የተጣለ ነገር ነው፤ ይሄ የተቀመጠ ነው።" አቤት ጭንቅላት! እኔ ስንት ዘመን ጥራጊውን አልጋ ስር እየገፋሁ አፍሬ ኖሬያለሁ፤ ለካ እያስቀመጥኩ ነበር።

ሁሉም ተጫዋች እንደሱ አይደለም አሉ። አንዳንዶቹ ሰው የጣለውን ጭምር ለቅመው የሚመለሱ ናቸው። ምን ዋጋ አለው፣ ሁሉም እንደዚያ ሰውዬ ሊቅ አይሆን! ዙሪ እስቲ... ቀስ... እዚያው ቁሚ።

ከኮረብታው ስር የነበረውን ግንብ ታስታውሺዋለሽ? ባሌ የሠራውን፣ አፈሩ መንገዱ ላይ እንዳይናድ የሚደግፈውን። ግንበኛ እንዲህ ያለ ግንብ ሲሠራ ከታች ከታች ቀዳዳ ይተዋል፤ የዝናቡ ውሃ ከኋላ ሲጠራቀም በዚያ እንዲወጣ። ባሌ ሰባት ትቶ ነበር። አንቺና እኔ ብናያቸው ውሃ መውጫ ነው የምንለው። ያ ሰው ግን የተማረ ነው፣ መደበቂያ ናቸው አለ። ሰባት ሳጥን በሰባቱ ቀዳዳ ወተፈ! ደብተሮቹ እንዳይረጥቡበት ደግሞ ዙሪያውን በጨርቅና በጭቃ ጠቀጠቀው። ጥንቃቄውን አየሽልኝ? ለወረቀት እንዲህ የሚሳሳ ሰው፣ ለሰውማ እንዴት ይሳሳ ይሆን...

ከዚያ ዝናቡ መጣ። ውሃው መውጫ ሲያጣ ግንቡ ሆዱን ነፋ፣ ነፋና አንድ ቀን ማለዳ መንገዱ ላይ ተዘረገፈ። በዚያች ሰዓት የሚያልፍ ሰው አለመኖሩ ተመስገን ነው።

እና ጥፋተኛው ማን ሆነ? ባሌ! ማኅበሩ ለማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ አዘጋጀ፤ "ግንቡ ከመጀመሪያውም ደካማ ነበር፣ ግንበኛው ዳግመኛ ሥራ አይሰጠው" ይላል። በእጅ የተጻፈ አንድ ቅጂ እኛው በር ላይ ለጥፈውልናል። ነገ ከሽልማቱ በፊት ስብሰባው ላይ ይፈረማል አሉ። ሠላሳ ዓመት ድንጋይ የጠረበ ሰው ይኸው እቤት ቁጭ ብሎ እጁን ያያል። ትናንት ምሳ አቅርቤለት ሳይነካው፣ "ቀዳዳዎቹን አጥብቤያቸው ይሆን እንዴ?" ብሎ ጠየቀኝ። እንዲህ ብሎ እኔን ይጠይቀኝ! አንጀቴ እርር ነው ያለው።

ውይ፣ ወጋሁሽ? ይቅርታ የኔ ቆንጆ፣ ስፒሉ አምልጦኝ ነው።

ደግነቱ ፍርስራሹ ጋ ስሄድ አንድ ሳጥን አገኘሁ። ቆሻሻ መስሎኝ አነሳሁት፤ ተመክሬ የለ! ውስጡ ደብተሩ ደህና ነው፣ ጠብታ አልነካውም። አንድ መንገደኛ በእርሳስ እንዲህ ጽፏል፦ "ግንቡ እዚህ ጋ አብጧል፤ ሳጥኖቹን ብታነሷቸው ይሻላል።" ባለሳጥኑ ከስሩ መልሶለታል፦ "አያሳስብም፣ ግንቡ እጅግ ጠንካራ ነው። መልካም ፍለጋ!" አየሽ፣ ባሌን እንዲህ አድርጎ ያመሰገነው ሰው የለም። ሲጫወት ጠንካራ፣ ሲከስ ደካማ... ጽሑፉ ደግሞ ሲያምር! ፊደሎቹ ወደ ግራ ዘንበል ዘንበል ብለው፣ በራችን ላይ ከተለጠፈው ደብዳቤ ጋር አንድ ናቸው። ግን የሁለት ሰው እጅ ጽሑፍ አይመሳሰልም እንዴ? ይመሳሰላል እንጂ።

ለባልሽ ልንገረው አልኩና ተውኩት። ሊቀመንበር ነው፣ እንዲህ ያለውን ሰው አይምርም፤ በሽልማቱ ዋዜማ ለምን ደሙን አፈላዋለሁ? ነገ ባሌ ደብተሩን ይዞ ስብሰባው ላይ ይገኛል። የደብተሩንም የደብዳቤውንም ምስክርነት ተራ በተራ ያነብላቸዋል። ያ ሰው ዛሬውኑ ደብዳቤውን ቢያነሳና ቤታችን መጥቶ ባሌን ይቅርታ ቢለው ግን፣ ደብተሩን እዚያው ፊቱ አቃጥለዋለሁ። አንቺ እንኳ ብትነግሪው... ኧረ ረስቼው፣ አታውቂውም ለካ።

በይ ውረጂ፣ ጨርሻለሁ። ፊትሽ ምነው ተለዋወጠ? ቀሚሱ ጠበበሽ እንዴ? ቀስ እያልሽ ሂጂ፣ በፍርስራሹ በኩል እንዳታቋርጪ። ትዳርሽን ያጽናልሽ፣ ቤትሽን በሳቅ ይሙላልሽ። ልጆችሽም... አንድም ሳይቀር፣ ሁሉም ቁርጥ አባታቸውን ይምሰሉልሽ!