ጋሻው የተፋቀ ቤት

የተከበራችሁ አባቶች ካህናት፣ ወዳጅ ዘመዶችና ጎረቤቶች፤ ይህን ዜና ሕይወት የማነብላችሁ የሟቹ ባለቤት የወይዘሮ እታለም ታላቅ ወንድም ስሆን፣ ከመጀመሬ በፊት በስልክ የምትቀርጹ ካላችሁ እንድታቆሙልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ምክንያቱን ስትሰሙት ትረዱልኛላችሁ፤ ፈርተናል።

እዚህ ኦስሎ፣ ሮምሶስ ሰፈር ውስጥ ሁላችንም አቶ ጌቱ ስንላቸው የኖርነው ወንድማችን፣ ከአባታቸው ከአቶ እሸቴ ማናዬ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ብርነሽ አየለ በ1950 ዓ.ም. በወሎ ሐይቅ ከተማ ሲወለዱ የወጣላቸው ስም ተረፈ ነበር። ትምህርታቸውን በሐይቅና በደሴ ተከታትለው አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እንደ ጨረሱ፣ ታላቅ ወንድማቸው በቀይ ሽብር ተገድለው እርሳቸውም በስማቸው መፈለግ ሲጀምሩ፣ ከአብሮ አደጋቸው ከጌቱ ጋር ወደ ሱዳን ተሰደዱ። ጌቱ ወደ ጣሊያን የሚያስገባ ወረቀት ባገኘ ሰሞን ከሰላ ላይ በወባ ሞተ። አቶ ተረፈ በየኬላው ስማቸውን የያዘ ሰው የሚጠብቃቸው ይመስላቸው ስለ ነበር፣ በሟች ወዳጃቸው ወረቀት ተሳፍረው ፍሎረንስ ገቡ።

ማደሪያ አጥተው ሲንከራተቱ፣ ከአንድ በር በላይ የመስቀል ሰንደቅ የተሸከመ በግ በድንጋይ ተቀርጾ አዩና ቤተ ክርስቲያን መስሏቸው ጫማቸውን አውልቀው ግድግዳውን ተሳለሙ። የየቤቱን አርማ የሚያድስ አንድ ሽማግሌ ድንጋይ ጠራቢ ይህን አይቶ፣ በጉ የሱፍ ሠሪዎች ማኅበር ምልክት እንጂ የደብር ምልክት አለመሆኑን እየሳቀ ነገራቸው፤ ስቆም አልቀረ፣ አብልቶ አሳደራቸው፣ ቆይቶም ሥራ ሰጣቸው። እርሳቸውም እስከ ዕድሜያቸው ማብቂያ ድረስ በዚህ ስሕተታቸው እየሳቁ፣ በጉ ግን አላሳፈረኝም ይሉ ነበር።

በዚያች ከተማ ከየደጃፉ በላይ በጋሻ ቅርጽ የተቀረጹትን አርማዎች ሲያጸዱ ቆይተው፣ ፍየሉ የሥጋ ሻጮች ማኅበር መሆኑን፣ የተጣመረው ሰንሰለት የየትኛው ቤተሰብ እንደ ሆነ ከሩቅ ለመለየት በቁ። አንድ ጋሻ ብቻ ያስፈራቸው ነበር። በገዢዎቻቸው ላይ አድመዋል ተብለው ስማቸው እንዲጠፋ የተፈረደባቸው ሰዎች ቤት ላይ ያለ፣ ምልክቱ በመሮ ተፍቆ ባዶውን የቀረ ጋሻ ነው፤ እዚያ ሲደርሱ መንገድ ይሻገሩ ነበር።

በ1980 ዓ.ም. ወደ ኦስሎ መጥተው ብሪን በሚባለው ሰፈር በሚገኙ ቢሮዎች በጽዳት ሥራ እስከ ጡረታቸው አገለገሉ፤ በ1984 ዓ.ም. ከእኅቴ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው ነብዩንና ዮሐናን ወለዱ። በሰው ስም የገባ ሰው ዜግነቱን ይነጠቃል፣ ለልጆቹም ይተርፋል የሚል ወሬ በሰሙ ቁጥር እህል አይወርድላቸውም ነበር። በር ሲንኳኳ ደንግጠው ይነሣሉ፤ የፖስታ ሳጥናቸው ላይ እንኳ የእኅቴን ስም ብቻ ለጠፉ። ለጌቱ እናት እንዳይጽፉ ደብዳቤው ያጋልጠኛል ብለው ፈሩ፤ እናትየው የልጃቸውን መርዶ ሳይሰሙ አረፉ።

ለዕረፍት ፍሎረንስ በወሰዱን ጊዜ፣ ልጆቹን ጋሻ እያሳዩ የማን ነው እያሉ ሲጠይቋቸው፣ ነብዩ ደግሞ የእኛስ ቤት አርማ ምንድን ነው ብሎ ጠየቃቸው። ያን ዕለት ማታ እውነቱን ለእኅቴ ነግረው፣ የጌቱን ጋሻ ፍቄ ነው ቤቴን የሠራሁት ብለው አለቀሱ።

በኋላ የያዛቸው ሕመም የመርሳት ሕመም ነበር። አርባ ዓመት የደበቁትን አፋቸው ይለቀው ጀመር፤ መድኃኒት ልትሰጣቸው የምትመጣውን የኮሙኑን፣ የከተማ አስተዳደሩን፣ ነርስ እጇን ይዘው፣ እኔ ተረፈ ነኝ፣ የእሸቴ ልጅ፣ ይሏታል። ዮሐና ሥራዋን ትታ አጠገባቸው እየተቀመጠች፣ ኔይ፣ ኔይ፣ አይደለም፣ አባዬ ጓደኛውን እያስታወሰ ነው ትላት ነበር፤ ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ ታለቅሳለች። የልጆቻቸው ስም ሲጠፋቸው እንኳ የአርማዎቹን ፎቶግራፍ ሲያዩ የማን ቤት እንደ ሆነ አይስቱም፤ የተፋቀው ጋሻ ሲመጣ ግን በመዳፋቸው ይሸፍኑት ነበር። ባለፈው ሐሙስ በተወለዱ በስልሳ ሰባት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ለፍትሐቱ አባታችን የክርስትና ስማቸውን ጠየቁን። ጌቱም በክርስትና ስሙ ሊጠራ የሚገባው ነፍስ ነውና፣ በእርሱ ስም ብንቀብራቸው ሁለቱም ያለ ጸሎት ይቀሩ ነበር። ከእኛ መካከል ዝም እንበል ያልን ነበርን፤ እኔም አንዱ ነኝ። እኅቴ ግን ባሌን በሰው ስም አፈር አላለብስም አለች። ነብዩም ጃ፣ አዎ፣ የሚመጣውን እንቀበላለን አለ። ዛሬ ጠዋት ከቤት ስንወጣ በፖስታ ሳጥኑ ላይ ተረፈ እሸቴ የሚል ተለጥፎ አየሁ፤ የዮሐና እጅ ጽሑፍ ነው። ነገ ማን እንደሚያንኳኳ አናውቅም።

አቶ ተረፈ ባለቤታቸውን ወይዘሮ እታለምን፣ ልጆቻቸውን ነብዩንና ዮሐናን፣ የልጅ ልጃቸውን ምኞትን፣ ሐይቅ ያሉ እኅታቸውንም ትተው አልፈዋል። ቸሩ አምላክ የአገልጋዩን የወልደ ሰንበትን ነፍስ በአብርሃም እቅፍ ያኑርልን፤ ለቤተሰቡም መጽናናትን ይስጥልን። ከሰላ ላይ ያለ ምልክት የተቀበረውን፣ እስከ ዛሬ ለቅሶ ያልተደረሰለትን ጌቱንም አብራችሁ አልቅሱለት፤ ስሙን መልሰንለታል።