ሁለቱ የፋጡሜ መንገዶች

ከሰንበቴ ገበያ ተመልሼ ከሚሴ ከተማ እንደወረድኩ ፀሐይዋ በረድ ብላ ስለነበር ባጃጅ መያዙን ትቼ በእግሬ አዘገምኩ። ከሰፈራችን መግቢያ ስደርስ ሸህ ዓብዱልመጂድ የመንገዱ ስም የተሰቀለበትን የብረት ምሰሶ በሁለት እጃቸው አቅፈው ቆመዋል። ፊት ለፊታቸው የማዘጋጃ ቤት መታወቂያ ያንጠለጠለች ወጣት አንገቷን ደፍታለች። ፋይዛ ናት፤ እኔው አማርኛ ያስተማርኳት፣ ዩኒቨርሲቲ ገብታ የከተማ ፕላን ተምራ የተመለሰች ልጅ።

ሸህ ገና ከሩቅ ሲያዩኝ፣ «አልሀምዱሊላህ! አስተማሪው መጣ። ና ፍረደን!» አሉኝ።

«አሰላሙ ዓለይኩም። ምን ተፈጠረ?»

«ወዓለይኩም ሰላም። ይቺ ተማሪህ ፋጡሜን ልትነቅልብኝ መጣች።»

ፋጡሜ የሸህ ባለቤት ነበሩ። ሲያርፉ የሰፈሩ ሰው መንገዱን በስማቸው ጠርቶ ሰሌዳ አሠራላቸው። ሸህ ንጋት ላይ ከሱብሂ ሶላት ሲመለሱ ሰሌዳውን በጋቢያቸው ጫፍ ሲጠርጉት ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ስለዚህ ነገሩ የብረትና የቀለም ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ።

ፋይዛ ቀስ ብላ መለሰች። «አባ፣ እማማ ፋጡሜን ልነቅል አይደለም የመጣሁት። ልጅ ሳለሁ ጸጉሬን የሚሠሩልኝ እሳቸው ነበሩ። ግን ከድልድዩ ማዶ ሌላ ፋጡሜ መንገድ አለ። ሁለቱ ሰፈሮች ሳይተዋወቁ በየፊናቸው ያወጡት ስም ነው። ዛሬ አንድ ሰው ‹ፋጡሜ መንገድ› ቢል የትኛው እንደሆነ የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው።»

«ድሮ ለመንገድ ስም ነበረው እንዴ? ሰው በሰው ይገኛል! ‹የዓብዱልመጂድ ቤት የት ነው?› ብሎ ጠይቆ የጠፋ እንግዳ አለ?»

«የለም አባ። ያኔ ከሚሴ ትንሽ ነበረች፤ ሁሉም ይተዋወቃል። አሁን ግን የአምቡላንሱ ሹፌር ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ እርስዎን ከየት ያውቃል? እሱ የሚይዘው በስልክ የተነገረውን ስም ነው።»

«እንግዲያው የአባቷን ስም ጨምሩበት። ፋጡሜ ሰይድ በሉት፤ ይለያል።»

«በወረቀት ላይ ይለያል። የጨነቀው ሰው ግን የአባት ስም አይጠራም። ቤቱ እሳት የያዘበት ‹ፋጡሜ መንገድ ድረሱልን!› ብሎ ስልኩን ይዘጋል።»

ሸህ ግን እጃቸውን ከምሰሶው አላነሡም። እውነት በትሕትና ስትነገር እንኳ ያዘነ ልብ ውስጥ ለመግባት ጊዜ ትፈልጋለች።

«እሺ፣ የነሱን ቀይሩታ!» አሉ በመጨረሻ። «የኛን ለምን?»

«የነሱ ትንሽ ስለሚቀድም ነው፤ ቀድሞ የወጣው ይቆይ ተባለ። ነገር ግን እርስዎ እንቢ ካሉ እኔ ይህን ምሰሶ አልነካም። አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎት፤ አብረውኝ ሄደው ያንን መንገድ ይዩት።»

ሸህ እኔን አዩኝ፣ እሷን አዩ። «ኢልያስ፣ አንተም ና። ይቺ ልጅ ምላሷ ማር ነው፤ ብቻዬን አልችላትም» አሉና ምሰሶውን ለቀቁ።

በባጃጅ ድልድዩን ተሻገርን። ማዶ ያለው መንገድ ከእኛው ብዙም አይለይም፤ ቆርቆሮ አጥር፣ ሱቅ፣ በር ላይ የተሰጣ ልብስ። ፋይዛ አንድ ግቢ አንኳኳች። ሳሚያ የምትባል ወጣት እናት ጨቅላ ልጅ ታቅፋ ከፈተችልን።

«አካም ጅርቱ አባ?» አለች በኦሮምኛ ሰላምታ። «ግቡ፣ ግቡ።»

«ነጋ፣ አልሀምዱሊላህ» አሉ ሸህ፤ ጫማቸውን አውልቀው ምንጣፉ ላይ ተቀመጡ።

ፋይዛ፣ «ሳሚያ፣ የወለድሽ ቀን የሆነውን ለአባ ንገሪያቸው» አለቻት።

«ምጥ የያዘኝ ማለዳ ነው» አለች ሳሚያ። «ባሌ ለአምቡላንስ ደውሎ ‹ፋጡሜ መንገድ› አለ። ተነሥቷል አሉን። ጠበቅን። የአምቡላንሱ ጩኸት ከወዲያ ይሰማኛል፤ መጣልኝ እላለሁ፣ አይቀርብም። ኋላ ጎረቤቶቼ ባጃጅ ላይ ጭነውኝ ሲሄዱ መንገድ ላይ ወለድኳት። ብዙ ደም ፈሰሰኝ። ያተረፈኝ አላህ ነው።»

የተስቢህ ዶቃ የሚቆጥሩት የሸህ ጣቶች ቆሙ። «ረመዷን ሊገባ ሲል ነው?» አሉ።

«አዎ አባ።»

ሸህ ተስቢሁን ምንጣፉ ላይ አኖሩት። ከዚያ እንዲህ አሉ፦ «ያ መኪና የቆመው እኔ በር ላይ ነው። ‹የምታምጠው ሴት የት ናት?› አሉኝ። ‹እዚህ ምጥ የያዛት የለችም› አልኩ። ሹፌሩ ‹ፋጡሜ መንገድ አይደለም እንዴ?› ሲለኝ ‹እሱማ ነው› አልኩት። ወላሂ ደስ ብሎኝ ነው ያልኩት። የፋጡሜን ስም ከማላውቀው ሰው አፍ ስሰማ ደስ አለኝ! ለካ አንቺ እዚህ ነፍስሽ ልትወጣ ነበር።»

«አብሽሩ አባ» አለች ሳሚያ። «እርስዎ ምን አጠፉ? የሚያውቁትን ነው የነገሯቸው። ይልቅ ልጄን ዱዓ ያድርጉላት።»

ሕፃኗን ጭናቸው ላይ አኖረችላቸው። ሸህ በትንሹ ግንባሯ ላይ እጃቸውን ጭነው ዱዓ አደረጉ። ሕፃኗ ጣታቸውን ጨበጠች፤ እሳቸውም ጣታቸውን ሳይመልሱ ወደ እኔ ዞሩ።

«ኢልያስ፣ አንተ ወደ ሰፈራችን የመጣኸው ኋላ ነው፤ ይህን አታውቅም። ያ መንገድ ድሮ የኛ ጓሮ ነበር። ሰው በሽተኛ ሲሸከም፣ ጀናዛ ሲሸኝ በጭቃው ዞሮ ነበር የሚሄደው። ፋጡሜ ‹አጥሩን እናስገባውና ሰው ይለፍ› አለችኝ። ‹የአባቴን መሬት!› ብዬ ተቆጣሁ፤ አኮረፍኳት። እሷ ግን ‹አጥሩ ገባ ቢል እኛ አንጠብም፤ ሰው ግን ያልፍበታል› እያለች ለመነችኝና አሸነፈችኝ። ስሟ እዚያ የተሰቀለው ለዚህ ነው። ታዲያ ዛሬ ስሟ መንገድ የሚዘጋ ከሆነ ምኑን አከበርኳት? እሷ ብትኖር ምሰሶውን ከፋይዛ ቀድማ ትነቅለው ነበር።»

ፋይዛ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ያን ሁሉ በማስረጃ የተናገረችው ያላሳመናቸውን ሰው፣ የገዛ ባለቤታቸው ቃል አሳመናቸው። እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ለተማሪዎቼ የምነግረው ይህንኑ ነው፤ ሽማግሌን ወደ አዲስ ነገር ማምጣት የሚሻ ሰው፣ ሽማግሌው የሚወደውን አብሮ ይውደድለት።

ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ የሰፈሩ ሰው ለአዲስ ስም ተሰበሰበ። አንዱ «ሰላም ይባል» አለ፤ ፋይዛ «ሰላም የሚባል አለ» አለች። ሌላው «ኑር» አለ፤ እሱም ተይዟል። ሰው መሳቅ ጀመረ። ያን ጊዜ ሸህ እጃቸውን አነሡና፣ «ማለፊያ ይባል» አሉ።

«ሰው የሚያልፍበት ስለሆነ ነው?» አለ አንድ ጎረቤት።

«እሱም ነው። ደግሞ ፋጡሜ ማለፊያ ሴት ነበረች።»

የተቃወመ አልነበረም።

ከዚያ ወዲህ ኑሯችን ቀለለ። አንድ ጎረቤታችን ልቡን አሞት ሲወድቅ አምቡላንሱ ማንንም ሳይጠይቅ በሩ ላይ ደረሰ። መብራት ሲቋረጥ ሠራተኞቹ ማዶ ሄደው የደህናውን ሰው መስመር አይፈትሹም። ከጨፋ ሮቢት የሚመጡ የሰርግ እንግዶችም በማያውቁት ድንኳን ገብተው፣ በልተውና መርቀው፣ ሙሽራው ሌላ መሆኑን ኋላ አይሰሙም። አንድ ስም ለአንድ መንገድ መሆኑ ተራ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን በጭንቅ ሰዓት የተጣራ ሰው የሚደረስለት በዚህ ነው።

ሸህን አንድ ማለዳ ከመስጊድ አብረን ስንመለስ፣ «አልከፋዎትም?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ስሟን በዱዓዬ እኔ እይዘዋለሁ» አሉኝ። «መንገዱን ሰው ይሂድበት።»