የመጀመሪያው የንጋት ጮራ ኮሌጅ ጋዋን

የምስክር ቃል

ስም፦ ወ/ሮ ዘነቡ ከፈለኝ
ዕድሜ፦ 64
ሥራ፦ የቀድሞ የሒሳብ አያያዝ መምህርት
አድራሻ፦ ዲላ ከተማ
ቀን፦ ኅዳር 11 ቀን 2017 ዓ.ም.
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ረዳት ሳጅን እስክንድር ገመቹ

ማርቲ በፍቃዱ በሐሰተኛ ዲፕሎማ ጨለለቅቱ ከተማ በሒሳብ ሠራተኛነት ተቀጥራለች ተብላ መታሰሯን ሰምቼ፣ ማንም ሳይጠራኝ ዛሬ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ገደማ ቀርቤ ቃሌን ሰጥቻለሁ። ማርቲ ተማሪዬ ነበረች። ዝምድናም ጠብም የለንም።

ዲላና ይርጋጨፌ ያሉት ሁለቱ ንጋት ጮራ ኮሌጆች «እኛ ዘንድ አልተማረችም» ብለው መጻፋቸውን መርማሪው ነግረውኛል። እውነታቸውን ነው። ማርቲ የተማረችው ከሁለቱ በፊት በነበረው ንጋት ጮራ ነው። እሱን እንዳይጠይቁት ተዘግቷል፤ ዛሬ ቦታው ላይ የሞተር ሳይክል ዕቃ ይሸጥበታል።

የመጀመሪያውን ንጋት ጮራ በ1995 ዓ.ም. የከፈቱት አቶ ኃይለኢየሱስ የሚባሉ ሰው ናቸው። ትምህርቱ የሚሰጠው እዚሁ ዲላ፣ መናኸሪያው ጀርባ፣ በኪራይ የቡና መጋዘን ውስጥ ነበር። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታው ማስተማር አይቻልም፤ ዲላ ደግሞ መቼ ዝናብ አጥታ ታውቃለች! ጠመኔዬን አስቀምጬ ከልጆቹ ጋር ወሬ እንይዛለን። ከደጋው ከቡሌ የሚመጡት ጭቃቸውን በር ላይ ሲያራግፉ ያረፍዳሉ። የቡና ለቀማ ሲደርስ ግማሹ ክፍል ባዶ ይሆናል፤ ማን ይቆጣቸዋል? ኮሌጅ የሚያሰኝ ነገር አልነበረንም፤ ግን እንደዚያ ዘመን ደስ ብሎኝ ሠርቼ አላውቅም። እስከ ዛሬ ይናፍቀኛል።

የመጀመሪያው ምርቃት ሲደርስ አቶ ኃይለኢየሱስ ለሁሉም ጋዋን የማሰፋት አቅም ስላልነበራቸው አንድ ብቻ አሰፉ። «ጋዋን ለፎቶ ነው፤ ፎቶ ደግሞ ተራ በተራ ነው» አሉ። ከዚያ በኋላ የተመረቀ ሁሉ ያንኑ ለብሶ ተነሳ። ረጅሙን ጉልበቱ ላይ ይቀርበታል፣ አጭሯ መሬት ትጠርግበታለች። አንዱ ተመራቂ በደስታ ሲዘል የግራ እጅጌው ሚስማር ይዞት ተቀደደ። ጥቁር ጨርቅ በማጣቴ ከአሮጌ ጃንጥላዬ ቆርጬ ጣፍኩት። የጃንጥላ ጨርቅ ስለሚያብለጨልጭ ፍላሽ ሲበራበት በፎቶው ላይ ነጭ ሆኖ ይወጣል።

ማርቲ የተመረቀችው በሐምሌ 2000 ዓ.ም. ነው። ቀኑን የማልረሳው በእናቷ ምክንያት ነው። ከገጠር፣ ከባንኮ ጎቲቲ መጥተው ልጃቸው ጋዋኑን ለብሳ ስትወጣ ሲያዩ «ልጄ ለምን ጥቁር ለበሰች? ማን ሞተብን?» ብለው ለቅሶ ጀመሩ። ግቢው በሳቅ ሲያውካካ ማርቲ አቅፋቸው አብረው ፎቶ ተነሱ። ዛሬ እናትየው በሕይወት የሉም። ፎቶውን ወንድሟ ከቤታቸው ግድግዳ አውርዶ ለመርማሪው አቅርቧል።

አቶ ኃይለኢየሱስ በ2003 ዓ.ም. ሲያርፉ መጋዘኑ ተለቀቀ፤ ጋዋኑን እኔ ቤቴ ወስጄ አስቀመጥኩት። መዛግብቱን ዝናብ አበላሽቷቸው ስለነበር የተረከባቸው የለም። በኋላ ወንድ ልጃቸው ዲላ፣ ሴት ልጃቸው ይርጋጨፌ ኮሌጅ ከፈቱ። «የአባቴ ስም ነው» ብለው ሁለቱም ንጋት ጮራ አሉት። አሁን ፎቁም ኮምፒውተሩም አላቸው፤ ደስ ይለኛል። ሁለቱም በየጊዜው «እትዬ ዘነቡ፣ ጋዋኑን ለእኛ ይስጡን» እያሉ ለምነውኛል። አንዱን ሰጥቼ ሌላውን ላለማስቀየም፣ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ስለሳሳሁለት፣ ከሣጥኔ አላወጣሁትም።

ዛሬ ግን ይዤው መጥቻለሁ። መርማሪው የእጅጌውን እራፊ በማርቲ ፎቶ ላይ ነጭ ሆኖ ከወጣው ጋር አስተያይተው አንድ መሆኑን አይተዋል። ጋዋኑ በኤግዚቢትነት እንዲያዝ ፈቅጃለሁ፤ ሆኖም ከረጢት ውስጥ እንዳይጠቀጥቁት፣ እንዲሰቅሉት አደራ ብያለሁ። ጉዳዩ ሲያልቅ ለማን እንደሚመለስ ተጠይቄ፣ ለእኔም ለኮሌጆቹም ሳይሆን ለማርቲ በእጇ ይሰጥልኝ ብያለሁ። ከኮሌጇ የቀረው እሱ ብቻ ነው።

ቃሌ ተነቦልኝ እንደተናገርኩት ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ያየሁትንና የማውቀውን እንጂ የጨመርኩት የለም፤ ፍርድ ቤት ብጠራም ይህንኑ እናገራለሁ።

የምስክሯ ፊርማ ____________

የመርማሪው ፊርማ ____________