የመዝገብ ያዡ እርሳስ

እትዬ ያለምወርቅ፣ ይምጡ እዚህ ይቀመጡ። ይሄኛው አግዳሚ ፀሐይ አለው። ያቺን ትራስ ከሥርዎ ያድርጓት፤ የብሬዴንግ ሜዳ እንጨት በሰኔም ቅዝቃዜው አይለቀውም። ከቬሊንግቢ ድረስ በሁለት የቱነልባና ባቡር የልጅ ልጅዎን ጨዋታ ለማየት መምጣትዎ... እሰይ! ፍፁም ሲያይዎት እንዴት እንደሳቀ አዩልኝ? ጮክ ብዬ የማወራው ጆሮዎ ስለሚያስቸግርዎ ነው እንጂ ሌላ ሰው እንዲሰማ ብዬ አይደለም። ቢሰማስ ምን ቸገረኝ? ክፉ አላወራ።

ጨዋታው ቤዝቦል ይባላል። እኔም መጀመሪያ አልገባኝም ነበር። አንዱ ልጅ ይወረውራል፣ አንዱ በዱላ ይመታል፣ መትቶ ይሮጣል፤ ሌሎቹ ኳሷን ሊይዙ ይሯሯጣሉ። የገና ጨዋታ ይበሉት። ብቻ እኛ አገር «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» ይባል ነበር፤ እዚህ ጌታውም ይቆጣል፣ ወላጁም ይቆጣል። ልጁ በራሱ ጉልበት መትቶ ከደረሰ «ምት» ተብሎ ይጻፍለታል። ያዡ ኳሷን ስለጣላት ከሆነ ግን «የያዡ ስህተት» ይባልና ለመቺው ምንም አይጻፍም። ማን ይወስናል አሉኝ? ጥሩ ጠየቁ! መዝገብ ያዡ ነዋ።

በመዝገብ ያዥስ ታድለናል። ስም አላነሳም... አንድ ሰው አሉ። በደርግ ጊዜ መዝገብ ቤት አሥራ አንድ ዓመት የሠሩ፣ እጅ ጽሑፋቸው ዓይን የሚያበራ። መጋቢት ላይ በወላጆች ስብሰባ አሠልጣኙ «ማን በፈቃዱ መዝገብ ይይዝልናል?» ሲል፣ እጄን አውጥቼ የጠቆምኳቸው እኔው ነኝ። «የኛ ሰው ይያዘው!» ብዬ። ሐበሻ ሐበሻን ካልጠቆመ ማን ሊጠቁመው ነው? አጨበጨብን እኮ። ስዊድኖቹ ፊካ የሚሉትን ቡናቸውን እየጠጡ ደስ አላቸው፤ ሥራ ቀረላቸዋ። ሲሾም ያልጻፈ ሲሻር ይቆጨዋል... ተረቱ እንደዚያ አይደለም እንዴ? እንግዲህ ስደት ላይ ተቀያይሮብኛል።

ዓይናቸው ደግሞ! ስንቱ ያላየውን ያያሉ። ልጃቸው መትቶ ኳሷ በያዡ እግር መሃል ስትሾልክ፣ እኛ ተራ ሰዎቹ «ወይኔ፣ አመለጠችው» እንላለን። እሳቸው በትሕትና ጎንበስ ብለው «ምት» ይጽፋሉ። የኔ ልጅ ሲላስ የመታት ሄዳ አጥሩን ነክታ ስትመለስ ደግሞ... «የያዡ ስህተት»። ማን ነበር እዚያ የያዘ? አጥሩ ነዋ! ለካ አጥርም ይሳሳታል፤ እኛ መች ተምረን። የማንንም ስህተት ሳይጽፉ የማያልፉ ጠንቃቃ ሰው ናቸው። ከአንድ ልጅ በቀር።

ስዊድኖች መቼም ልጅ ማበላለጥ አይወዱም፤ ሁሉንም «ዱክቲግ፣ ዱክቲግ» ነው፣ ሁሉም ጎበዝ ነው። ግን ከአሜሪካ አንድ መራጭ መጥቶ፣ ትምህርት ሲዘጋ ሁለት ልጆች ለሥልጠና ሊወስድ ነው ሲባል ግድ ሆነ። አሠልጣኙ ባለፈው ሳምንት ከመዝገቡ ደምሮ ደረጃ ለጠፈ። አንደኛ ማን የወጣ ይመስልዎታል?... ጎበዝ! ጨዋታው ከኔ ቀድሞ ገባዎት። ሲላስ ከአሥራ ሦስት አሥራ ሁለተኛ። አሥራ ሦስተኛው ከየካቲት ጀምሮ እግሩ ጀሶ ውስጥ ያለው ልጅ ነው። የርስዎ ፍፁም ገና አዲስ ስለሆነ አልተቆጠረም፣ ታድሎ።

ቅር አላለኝም... ኧረ ብሎኛል፣ ለርስዎ አልዋሽም። ክረምቱን ሙሉ፣ እሑድ ከአምልኮ መልስ እንኳ ልብሱን ሳይቀይር፣ ኳሷን ከግድግዳ ጋር ሲያላጋት የከረመ ልጅ ነው። ጓንቱን አልጋው ሥር ወርውሮ ሦስት ቀን አልነካውም። ምን ልበለው? መዝገብ ያዡን የጠቆምኩት እናትህ ነኝ ልበለው?

ሐሙስ ዕለት ታዲያ አንደኛ የወጣው ልጅ ቤታችን መጣ። ጨዋ ልጅ ነው፣ አባቱን አይመ... በእናቱ ነው የወጣው። ዳቦውን እየቆረሰ ለሲላስ በስዊድንኛ ምን ቢለው ጥሩ ነው? «እስቲ እውነቱን ንገረኝ፣ ስንቱን ነው የመታሁት?» አሥራ አራት ዓመቱ ነው፣ እትዬ! የመታውን ከልጄ ይጠይቃል። አባቱን እንዳይጠይቅ እሳቸው መልሱን ጽፈውታል። ንዴቴን ይዤ ልናገረው በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ አንጀቴን በላውና ተውኩት። ሲላስ አሰበ፣ አሰበና «ሦስቱን የምር መትተሃል» አለው። ልጁ አንገቱን ደፋ። መዝገቡ ላይ ሃያ አንድ ነው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። እዚህ አገር በሰኔ መች ይመሽና ያድራል!

ያውልዎ፣ አጥሩ ጋ የተቀመጠው ባለ ኮፍያ ነው መራጩ። ጠዋት መዝገቡን ሲያስረክቡት አመስግኖ ተቀበለና፣ «እኔ በዓይኔ ነው የማየው» ብሎ... ተቀመጠበት! ትራስ የሚሰጠው እንደርስዎ አላገኘማ። አሥራ አንድ ዓመት የሠራ እጅ ጽሑፍ ለፈረንጅ መቀመጫ ዋለ ስል አዘንኩ። ባለ መዝገቡም ዛሬ እርሳሳቸውን ብቻ ይዘው ተቀምጠዋል። የት እንዳይሉኝ። ከፊታችን ያሉት ሰውዬ ግን አንገታቸው ምነው እንዲህ ቀላ? የሰኔ ፀሐይ ክፉ ነው፣ ኮፍያ ቢያደርጉ።

ዝም እንበል፣ ያ አንደኛ የወጣው ልጅ ዱላውን ይዞ ወጣ። ሲላስም ከጥግ ተነስቶ እያጨበጨበለት ነው፤ አዩት የኔን ሞኝ?

አሜን ይበሉኝ፣ እትዬ። አምላኬ፣ ለዚህ ልጅ ዛሬ አንዲት ምት ስጠው፤ አንዲት ብቻ፣ ማንም ሳይጽፍለት የራሱ የሆነች። ለአባቱም ዕድሜና ጤና ስጣቸው። እርሳሳቸውም አይለቅባቸው... ብቻ አንድ ቀን «ጎበዝ ልጄ» ሲሉት፣ የሚያምናቸው ልጅ ያድርግላቸው። አሜን።