የተበላሸው ምንቸት አብሽ

ነይ ግቢ ፈትዬ፣ ምን በር ላይ ያስቆምሻል? ለአይስቦክስሽ ነው አይደል የመጣሽው? ታጥቦ ፀሐይ ላይ ተደፍቷል፣ ትንሽ ይድረቅልሽ። እስከዚያ እዚች በርጩማ ላይ አረፍ በይ፤ ወንበሮቹን አስረናቸዋል። ቤቱ እንዲህ ተዝረክርኮ ስታይው አይግረምሽ፣ ነገ ጠዋት አይሱዙ ይመጣል። ካዛንቺስ እኛንም አሰናበተችን እንግዲህ... እናንተስ ቀን ተቆረጠላችሁ? እህ... በቃ አላህ ያመቻችላችሁ።

ጉዞውማ ደህና ነበር፣ አልሃምዱሊላህ። እማዬ ቤቷ ሳይፈርስ ልጆቿን ሁሉ ሰብስባ አንድ ቦታ ማደር አማራት፤ እኛም ድንኳን ተውሰን፣ ሚኒባስ ተከራይተን ላንጋኖ ወረድን። እሷን ውሃው ዳር እግሯን ነክራ እንደ ልጅ ስትስቅ ብታያት! ወላሂ እንዲያ ስትስቅ ካየኋት ስንት ዘመኔ።

ምግቡ? ውይ፣ ምግቡማ... ምግቡ በእውቀት ነው የተያዘው። እኔ የማውቀው መንገድ ሲኬድ ሁሉም ከየቤቱ ያለውን ይቋጥራል፣ እዚያ ሲደረስ አንድ ትሪ ላይ ይዘረገፋል፣ በቃ። ዘንድሮ ግን ሠልጥነናል፤ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ተከፈተ። ሰላጣው ለእገሊት፣ ውሃው ለእገሌ ተባለ። ለእኔ ዳቦና ቆሎ ደረሰኝ። አቅሜ ታይቶ ነው፣ አልከፋኝም። ሥጋውንና እንጀራውን ግን አንድ ሰው፣ አላህ ይስጣት፣ «ለእኔ ተዉት» አለች። «እማዬ ጥርስ የላትም፣ ሥጋውን ልም አድርጌ አስፈጭቼ ምንቸት አብሽ እሠራላታለሁ» አለች። በዚህ ዘመን ለአማቷ ጥርስ እንዲህ የምትጨነቅ ሰው የት ይገኛል? እኔማ ሳነበው እንባዬ መጣ።

አስተሻሸጓንስ ብታዪ! ድስቱ በፎይል ተጠቅልሎ፣ ክዳኑ በፕላስተር ዙሪያውን ተለጥፎ፣ በላዩ ደግሞ በነጭ ጨርቅ ተቋጥሮ መጣ። ባንክ ቤት እንኳ ብር እንዲህ አይታሸግም። ሙያ ማለት ይሄ ነው።

ድምፄን ዝቅ ላድርግ? ለምን? ጓዳ ያለው ሰው ሥራ ላይ ነው፣ የእማዬን ልብስ አጥፋ ሻንጣ ውስጥ እየከተተች ነው። ደግሞስ ምን ክፉ ወጣኝ? ስም ጠራሁ? እያመሰገንኩ እኮ ነው...

ይኸውልሽ፣ ደረስን፤ ጥላ ሥር ትሪው ተዘረጋ። ዳቦው ወጣ፣ ሰላጣው ወጣ። «ምንቸቱስ?» ሲባል ፊት ልውጥ አለ። «ተበላሽቷል።» በቃ። ሙቀቱ ነው አለች። እንጀራውስ? እንጀራውም ወጡ ፈሶበት አብሮ ተበላሽቷል። በፕላስተር የታሸገ ድስት እንዴት እንደፈሰሰ እኔ ምኑን አውቄው... ክዳኑን በሁለት እጇ ይዛ «አትክፈቱት፣ ሽታው ራሱ ልጆቹን ያሳምማቸዋል» አለች። ለሰው ጤና መጠንቀቅ እንዲህ ነው። ማንም አላየ፣ ማንም አላሸተተ።

እና ፈትዬ፣ እንዳትቀየሚ... ጥፋቱ ባንቺ ተላከከ። «የተዋስነው አይስቦክስ አያቀዘቅዝም» ተባለ። እኔ ደግሞ ከዚያው ካንቺ አይስቦክስ ውሃ አውጥቼ ብጠጣ ድዴን አደነዘዘኝ። በረዶውም እንደ ሰው ይመርጣል ማለት ነው፤ ውሃውን ወደደ፣ ሥጋውን ጠላ። እኔ ለሁሉም ተናግሬልሻለሁ፣ ሳጥንሽ ንጹሕ ነው ብዬ።

እማዬ ምን በላች ትያለሽ? ዳቦ በሻይ። ቅርፊቱን እየላጥኩ፣ ውስጡን እየነከርኩ። «ዳቦውማ ምን ይወጣለታል» ትለኛለች፣ እንዳይከፋኝ ብላ። ቆሎዬንማ አይታ ሳቀች።

ወደ ማታ ሲል፣ ከመኪናው ኋላ ቡታጋዝ በራ። «ለልጆቹ ሻይ ላፍላ ብዬ ነው» ተባለ። ሻይ! ኮረሪማ፣ ቅቤ፣ አብሽ ያለበት ሻይ በአፍንጫዬ ገባ። እኔ ገጠሬዋ፣ ቀረፋና ቅርንፉድ ብቻ ነበር የማውቀው። መግሪብ ሰግደን ስንጨርስ አንዱ ድንኳን በጊዜ ተዘጋ፤ ትንኝ ልጆቹን ጨረሳቸው ተብሎ። የማን ድንኳን እንደሆነ አልናገርም። ሰማያዊው ነው። ወንድሜ ሐሚድ የተከለው።

አንቺ ድንኳን አድረሽ ታውቂያለሽ? ለካ ውስጥ መብራት ከበራ ውጪ ላለው ሰው ምንም የሚደበቅ ነገር የለም! ጥላቸው ሸራው ላይ ቁጭ አለ። ክዳን ሲነሳ አየን። እጅ ሲወርድ፣ እጅ ሲነሳ አየን። ጉርሻው ደግሞ ይሄን ያህላል! ባል ይጎርሳል፣ ሁለቱ ወንዶች ልጆች ተራ በተራ ይጎርሳሉ... ፍቅራቸው ሲያስቀና፣ ማሻአላህ። እኛ ዳቧችንን ይዘን እንደ ቴሌቪዥን እናያለን። እኔማ ደነገጥኩ፤ ሰዎቹ የተበላሸ ሥጋ እየበሉ ነው፣ መኪና ተነስቶ ሐኪም ቤት ይወሰዱ ልል ነበር። ግን ጠዋት ሁሉም በሰላም ተነሱ። እንዲያውም ፊታቸው ወዝቷል።

እማዬ አየች፣ አየችና «ሐናን፣ ወንበሬን ወደ ሐይቁ አዙሪልኝ» አለችኝ። ጨልሟል እኮ፣ ሐይቁ አይታይም! አዞርኩላት። ከዚያ የቀሩትን የልጅ ልጆቿን ጠርታ «ኑ፣ እዚህ ፊት ለፊቴ ተቀመጡና ተረት ላውራችሁ» አለቻቸው፤ ጀርባቸውን ለድንኳኑ እንዲሰጡ። የልጇን ነውር ልጆች እንዳያዩባት ነው፣ ገባሽ?

እዚህ ላይ እንኳ ልቀልድ ብዬ ነበር፣ አቃተኝ። አንጀቴ ነው ያረረው ፈትዬ። ዳቦ በሻይ ነክራ የዋለች እናት ለበላው ልጇ ስታፍርለት... ተይኝ እስቲ።

ኧረ አላለቀስኩም፣ አቧራው ነው። እቃ ሲነሳ የስንት ዘመን አቧራ ይወጣል መሰለሽ...

ታዲያ ከዚያ እንደተመለስን ነው እማዬ የት ትግባ ተብሎ ቤተሰብ የተቀመጠው። ወንድሞቼ ባንድ አፍ «ሐሚድ ጋ» አሉ። ሦስት መኝታ ነው፣ ሰፊ ነው፣ ለእሷ ብቻ አንድ ክፍል አለ። እኔ ወሎ ሰፈር አንዲት ክፍልና አንዲት ሳሎን ተከራይቼ ምን አፍ አለኝ? አንድ ሰው ግን አፏን ሞልታ፣ «እናታችንን ለማንም አልሰጥም፣ በገዛ እጄ ነው የማጎርሳት» አለች። አትችልም እንዴት ብዬ ልበል? ስታጎርስ እኮ በዓይኔ አይቻታለሁ።

ከትናንት ወዲያ እማዬ ሐሚድን ጠራችው። እኔ እዚያ በር ላይ ድስት እፈትግ ነበር። «ልጄ» አለችው፣ «ያንተ ቤት ማሻአላህ ሰፊ ነው። እኔ ደግሞ ኩምሽሽ ያልኩ አሮጊት ነኝ፤ ምሳ ሰዓት ላይ ፈልጋችሁ ታጡኛላችሁ። የሐናን ቤት ጠባብ ነው፣ ዞር ባለች ቁጥር እኔው ነኝ።» ሐሚድ ጉልበቷን ሳመና ቀና ብሎ ማንንም ሳያይ ወጣ። ወንድሜ ነው፣ አሳዘነኝም፤ ግን ያን ማታ ሲጎርስ ያዘነ አልመሰለኝም።

ስለዚህ ሻንጣው ወደ እኔ ቤት ነው የሚሄደው... እንዴ! ጓዳ ውስጥ ምንድነው የወደቀው? ደህና ነው? አልነገራትም እንዴ? እኔ እኮ ባልና ሚስት እንዲህ የሚጎራረሱ ሆነው ወሬ ይደባበቃሉ ብዬ በምን ልጠርጥር? ውይ አፌን! ይሁን፣ አሁንም ቢሆን ድካሟ አይቀርባትም፤ የእማዬን ቀሚስ አንድ በአንድ ተኩሳ፣ ሻሿን ሳይቀር አጥፋ፣ እንዴት አድርጋ እንዳሰናዳችልኝ! እኔ ለራሴ እንኳ እንዲህ አልከትም። ነገ መሳቢያ ውስጥ መገልበጥ ብቻ ነው የሚቀረኝ።

ልትሄጂ ነው? በይ አይስቦክስሽን ያዢ፣ ደርቋል። ቆይ ቆይ፣ ለደከመ ሰው ሳይመረቅማ አይሆንም። አላህ ጤናውን፣ ረጅም ዕድሜውን ይስጣት። ሸብታ፣ አርጅታ፣ በልጅ ቤት ለመጦር ያብቃት። ሁለቱ ወንዶቿ አድገው፣ ለወግ ለማዕረግ በቅተው ደግ ደግ ሴት ያግቡላት፤ ምራቶቿም፣ ኢንሻአላህ፣ በአመልም በእጅም ቁርጥ እሷን ይሁኑላት። አሚን በይ እንጂ ፈትዬ... ጮክ በይ፣ ይሰማ!