ጣት የማይሰርቅ ስልክ

ሽማግሌው ሳምሳሊ ከናሪን ከተማ ገበያ ሲወጡ ከጎረቤታቸው ልጅ ከከንጄጉል ጋር ፊት ለፊት ተገጣጠሙ። ከንጄጉል ዋና ከተማው ቢሽኬክ የኮምፒውተር ትምህርት ጨርሳ መመለሷ ነው።

«እንኳን ደስ አለዎት አባባ! ልጅዎ ቡሩል ተገላገለች አሉ።»

«ሴት ናት። ስም ግን የላትም።»

«እስካሁን?»

«ስም አውጪው እኔ ነኝ። ለእናቷ በምን ልንገራት?»

ቡሩል መስማት የተሳናት ናት፤ ሞስኮ ልብስ ትሰፋለች። አባትና ልጅ የሚያወሩት በእጅ ነው። በስልክ ምስል ሲሆን ኔትወርኩ ይደክምና ጣት ሁሉ ካሬ ካሬ ይሆናል።

«ጽፈው ይላኩላታ።»

«የልጅ ስም እንደ ደረሰኝ ይላካል እንዴ? የሕፃኗን ፊት እያዩ ሦስቴ ነው የሚነገራት። ስልኩን የሸጠልኝ ባለሱቅ ደግሞ ‹ምስሉን አጥፍተው በድምፅ ብቻ ያውሩ፣ ይቀላል› ይለኛል። ቡሩል በምኗ ትስማኝ?»

ከንጄጉል ሳቋ አመለጣት። «አዲስ ፕሮግራም ልጫንልዎ። ምስሉን አሳንሶ ነው የሚልከው።»

«አልፈልግም! የሚቀንሰው ከየት ነው? ከጣቴ! አንድ ጣት ከጎደለ እኮ ‹እናት› ያልኩት ‹አህያ› ይሆናል።»

«ጣትዎን ማን ነካው? ከጀርባዎ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ምንጣፍ ይንቀሳቀሳል?»

«ምን ሊያንቀሳቅሰው!»

«እሱን አንዴ ይልከዋል፤ ከዚያ ‹እንዳለ ነው› ብሎ ያልፈዋል። የሚከተለው የተንቀሳቀሰውን ነው። የድሮው ፕሮግራምም እንደዚያው ነበር፤ አዲሱ ግን ብልጥ ነው፤ እጅዎ ወዴት እንደሚሄድ ይገምትና የሳተውን ብቻ ያርማል። በግማሹ ኔትወርክ ሙሉ እጅ ይደርሳል።»

«ታዲያ የኔ ምንጣፍ ለምን ይፈራርሳል?»

«ስልኩን እንዴት ነው የሚይዙት?»

«በግራ እጄ። በቀኝ አወራለሁ።»

«አባባ! እጅዎ ሲንቀጠቀጥ ቤቱ በሙሉ ይንቀጠቀጣል፤ ስልኩ ሁሉን እንደ አዲስ ይልካል። ደሞ ለልጅዎ የሚያወሩት ግማሽ ቃል ነው።»

ሳምሳሊ ግራ እጃቸውን አዩት። አራት ዓመት በአንድ እጅ ሲያወሩ ቡሩል አንድም ቀን አላማረረችም።

ቤት ገቡ። ከንጄጉል ፕሮግራሙን ጫነች፤ ለቡሩልም ጽፋ አስጫነቻት። ስልኩን ከሻይ ማንቆርቆሪያው ጋር አስደግፋ አቆመችው።

ሲደውሉ ቡሩል ስልኩ ላይ ብቅ አለች። ከነጣቶቿ። መርፌ የወጋው ጣቷ ላይ ያለው ፕላስተር ሳይቀር ይታያል። ሕፃኗን አስጠጋች።

ሳምሳሊ ሁለት እጃቸውን አፍንጫቸው ጋ ሰብስበው እንደ አበባ ፈቱት። ጅፓር። መዓዛ ማለት ነው። አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። ቡሩል ያንኑ በልጇ ፊት ደገመችው።

«ይሄን ያሰበው ማነው?» አሉ ሳምሳሊ ዓይናቸውን እየጠረጉ።

«ብዙ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ምስል ሲያሳንሱ የኖሩ።»

«እጃቸው ይባረክ። ለሌላው ምስል ጌጥ ነው፤ ለእኛ አንደበት ነው። ነገ ባለሱቁ ጋ አብረን እንሄዳለን። እንደ ቡሩል ያለ ልጅ ያለው ወላጅ ሲመጣበት ‹ምስሉን አጥፉ› እንዳይል። ስልካችሁን አስደግፉ፣ አዲሱን ጫኑ፣ በሁለት እጃችሁ አውሩ ይበላቸው።»