የዓርብ ጠዋቷ መርፌ

ሙሴ ኦክታቭ በሽሪምፕ ጀልባዎች መቆሚያ ላይ መረባቸውን ሲጠግኑ ነበር ሳያስቡት ከኖኤሚ ጋር ፊት ለፊት የተገናኙት። ክርስትና ያነሷት ልጅ ናት፤ ተምራ፣ ቫይረስን በዘሩ የምትለይ ባለሙያ ሆናለች። የደም መቅጃ ሣጥን ማንገቷን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ።

«አንቺም ለዚያች ነርስ ወገንሽ?»

«ፓረን፣ መጀመሪያ እንደምን አደሩ!» አለች፤ በሉዊዚያና ረግረግ ዳር የክርስትና አባት የሚጠራው እንዲህ ነው።

«ምኑን አደርኩት? ኤርሊን ሚስቴ ጉበቷ ታሞ ተኝታለች። ጎረቤቶቼም እንደዚያው። የጉበት ቫይረሱ እኔም ደሜ ውስጥ አለ ተብያለሁ። ነርሷ ዊላ ናት ክሊኒክ ውስጥ እየወጋች የበከለችን፤ ቫይረሱ እሷም ላይ ተገኝቷል። ፍርድ ቤት ቀርባለች፤ ሌላ ምን ቀረ? ትታሰር!»

የሽማግሌው ሐዘን እውነተኛ ነበር። ክፋቱ፣ ሐዘናቸው ራሱ ማስረጃ መስሎ ታያቸው።

«ቫይረስ ከሰው ወደ ሰው ሲተላለፍ ትንሽ ትንሽ ይለወጣል» አለች ኖኤሚ። «ለውጡን አነጻጽረን የቅርብ ዘመዳሞቹን ከሩቆቹ እንለያለን። ግን የዊላንና የአንድ ሕመምተኛን ብቻ ማየት አይበቃም። የአንድ መንደር ቫይረስ ሊመሳሰል ስለሚችል የሌሎቻችሁም ደም ካልታየ ንጹሕ ሰው ይፈረድበታል። እርስዎ ደግሞ ሰውን ሁሉ ‹ደም እንዳትሰጡ› ብለው ከልክለዋል አሉ።»

«አዎ ከልክያለሁ! እኛ ለፍርድ ቤት ደም የምንሰጥ ሰዎች አይደለንም።»

«ዊላ ልጆች አሏት፣ ፓረን። በእርስዎ እልኸኝነት ነው የምትታሰረው።»

መረቡን ወረወሩት። «እሺ፣ ይሄ ጥበብሽ ማን ለማን እንዳስተላለፈ ይናገራል?»

«ብቻውን አይናገርም።»

ጉራ ሲጠብቁ ይህን በመስማታቸው ደነገጡ። «ታዲያ ምን ይረባል?»

«ቫይረሶቹ በጣም ከተራራቁ ‹ከእሷ አልመጣም› ማለት ይችላል። ይሄ ትንሽ ነገር ነው?»

ሙሴ ኦክታቭ ትንሽ አሰቡና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «በይ ቅጂ። ደም ፈርቼ እንዳይመስልሽ! ዓርብ ዓርብ ጠዋት በቤተክርስቲያኑ አዳራሽ የሽማግሌውን ሁሉ ስኳር የምለካው እኔ ነኝ፤ የኤርሊንንም፣ የጎረቤቶቼንም፣ የራሴንም ጭምር» አሉና የጣት መውጊያቸውን ከኪሳቸው አውጥተው አሳዩዋት።

ኖኤሚ እጇ ቀጥ አለ። «መርፌውን በየሰው ይቀይራሉ?»

«ገና የሚወጋ መርፌ ለምን ይጣላል? በአልኮል እጠርገዋለሁ።»

ኖኤሚ መውጊያው ላይ ዓይኗን ተከለች። ሽማግሌው ዓይኗን አዩ፣ ከዚያ መውጊያውን አዩ፤ ሣጥኗ ላይ አስቀመጡት።

«ቅጂ» አሉ በቀስታ። «ሌሎቹንም እኔው ራሴ አመጣልሻለሁ።»

ፍርድ ቤቱ በተሰየመ ዕለት ኖኤሚ ውጤቱን ተናገረች፤ የዊላ ቫይረስ ከሕመምተኞቹ ቫይረስ እጅግ የራቀ ነው፤ የሙሴ ኦክታቭ፣ የኤርሊንና የጎረቤቶቻቸው ግን የቅርብ ዘመዳሞች ናቸው።

«እንግዲያው ከማን ተነሣ?» አለ ዐቃቤ ሕጉ።

«ያንን የቫይረሱ ዘር ብቻውን አይነግረንም።»

ከሕዝቡ መካከል አንድ ሰው ተነሣ። ሙሴ ኦክታቭ ነበሩ።

«እኔ ልንገራችሁ፤ መርፌዋ የእኔ ናት» አሉ። ኤርሊን ከጎናቸው ተቀምጣ ታለቅስ ነበር፤ እጃቸውን ግን አልለቀቀችም።

ዊላ በነፃ ተለቀቀች። ሙሴ ኦክታቭ፣ ኤርሊንና ጎረቤቶቻቸው የሚያድነውን ኪኒን ጀመሩ። ያ ምርመራ ባይኖር ኖሮ ንጹሕ ሴት ትታሰር፣ መርፌዋም በየዓርቡ ሥራዋን ትቀጥል ነበር። አሁን በአዳራሹ እያንዳንዱ ሰው የራሱ መርፌ አለው፤ አንዴ ከወጋ ይጣላል።

ነርስ አስፈለገና በመጀመሪያው ዓርብ ዊላ መጣች። ሙሴ ኦክታቭ ሰልፉ መጨረሻ ላይ ቆመው ተራቸው ሲደርስ ጣታቸውን ዘረጉላት።

«ይቅር በይኝ።»

ዊላ አዲስ መርፌ ከፈተች። «አይንቀሳቀሱ» አለች። ወጋቻቸውና መርፌውን ጣለችው፤ ጣታቸውን ግን ደሙ እስኪቆም ድረስ ይዛላቸው ቆየች።